የናፍጣ መኪና ጢስና የኢንጄክተር ምርመራ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመሥሪያ ቤት መኪና ከሦስት ሳምንት የመስክ ሥራ ተመልሶ አዲስ አበባ ሲገባ፥ ከኋላው እንደ ከሰል የጠቆረ ጢስ ይለቅ ነበር። ዳገት ባጋጠመው ቁጥርም ጉልበት ያንሰው ነበር። ሾፌሩ ለሥምሪት ክፍል አመለከተ፤ ሥምሪት ክፍሉ መኪናውን ወደ አንድ ጋራዥ ላከው፤ ጋራዡም በማግስቱ «ስድስቱም ኢንጄክተሮች ስለ ተበላሹ በአዲስ ይለወጡ» የሚል ወረቀት ጽፎ ሰደደ። ወረቀቱ ሦስት ጠረጴዛ ዐልፎ ከአራተኛው ደረሰ። ከሬዲዮ ሥራዬ ጋር የተሽከርካሪ ጥገና ኮሚቴ አባል ነበርሁና፥ አራተኛው ጠረጴዛ የእኔ ነበር። በወረቀቱ ላይ የተመለከተው ዋጋ የአንድ ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ የሚያህል ሆኖ ሳለ፥ ኢንጄክተር ማለት ምን እንደ ሆነ ስለማላውቅ፥ አለማወቄንም በባልደረቦቼ ፊት መግለጥ ስላፈርሁ፥ «ይፈጸም» ብዬ ፈረምሁ።

ስድስቱ ኢንጄክተሮች ተለወጡ። መኪናው ከጋራዥ ወጣ። ጢሱ ግን እንደ ነበረ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ መካኒክ ለመሆን ላሰቡ ሰዎች ሳይሆን፥ እንደ እኔ ወረቀት ቀርቦላቸው ለሚፈርሙ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ አይዘነጋም። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ያሉት የናፍጣ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን እንዲያገለግሉ የሚጠበቁ ናቸው፤ ለጥገናቸው የሚወጣውም ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

በመጀመሪያ የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር በምን እንደሚለይ እንመልከት። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየር ተቀላቅለው ከካንዴላ በሚወጣ የእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላሉ። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ግን እንዲህ ያለ እሳት ለኳሽ የለም። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ብቻ ነው፤ ፒስቶኑም ይህን አየር ከ14 እስከ 22 እጥፍ ያህል ያምቀዋል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንዴት እንደሚግል ያውቃል። በሞተሩም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የታመቀው አየር ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ ነው። በዚህ በጋለ አየር ላይ ናፍጣ በደቃቁ ሲረጭበት ያለ ክብሪት ይነዳል።

ይህን አሳብ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት የጠየቀው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። ሞተሩም እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ ሠርቶ ታየ። ይሁን እንጂ ዲዝል ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ ያስገባ የነበረው በታመቀ አየር እየነፋ ስለ ነበር፥ ከሞተሩ ጎን አንድ ትልቅ የአየር ማመቂያ መቆም ነበረበት። ይህም ለፋብሪካና ለመርከብ እንጂ ለመኪና የሚመች አልነበረም። የቦሽ ኩባንያ ናፍጣውን በራሱ ግፊት ወደ ኢንጄክተር የሚገፋ ፖምፓ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው የናፍጣ ሞተር በካሚዮንና በአውቶቡስ ላይ የተስፋፋው። ታሪኩ በዚህ ይብቃንና ወደ ኢንጄክተሩ እንምጣ።

ኢንጄክተር ማለት በአማርኛ የናፍጣ መርጫ ልንለው የምንችል፥ ቁመቱ ከስንዝር ብዙ የማይበልጥ የብረት ዕቃ ነው። ጫፉ ኖዝል ይባላል። በኖዝሉ ውስጥ አንዲት መርፌ አለች፤ ሞላ የሚባለው ጥምዝ ብረት ወደ ታች ተጭኖ ቀዳዳውን በእርሷ ይደፍናል። ከፖምፓው የሚመጣው ናፍጣ ግፊቱ ሞላውን የሚያሸንፍበት መጠን ሲደርስ መርፌዋ ብድግ ትላለች፤ ናፍጣውም እንደ ጉም ሆኖ ይረጫል፤ ግፊቱ ሲወድቅ ወዲያው ትዘጋለች። ይህ የአሮጌው ዓይነት ኢንጄክተር አሠራር ነው። በአገራችን በመስክ ሥራ የታወቀው ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር የላንድክሩዘር ሞተር ከዚሁ ወገን ነው። ናፍጣውን በቅድሚያ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል በሚረጩ በእንዲህ ያሉ ሞተሮች መርፌዋ የምትከፈትበት ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 150 ባር ነው፤ በቀጥታ በፒስቶኑ ላይ በሚረጩት ደግሞ 200 ባር አካባቢና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፥ የአንድ አውቶሞቢል ጎማ የሚይዘው አየር ከሁለት ባር ጥቂት ከፍ ያለ ነው።

የሥራውን ጥቃቅንነት ለመረዳት ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር፥ እያንዳንዱ ኢንጄክተር በደቂቃ 1,000 ጊዜ ይረጫል፤ አራቱ በአንድነት በሰዓት 240,000 ጊዜ ይረጫሉ ማለት ነው። ሞተሩ በሰዓት 10 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል ብንል፥ ለአንዱ ርጭት የሚደርሰው 42 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ገደማ፥ ማለት ከአንዲት የውሃ ጠብታ ያነሰ ነው። ይህች ከጠብታ ያነሰች ናፍጣ ናት እንግዲህ በሰከንድ ሺኛ በሚቈጠር ጊዜ ውስጥ ተበትና ጉም መሆን ያለባት። መርፌዋና አቃፊዋ የሚራራቁት በሚሊሜትር ሺኛ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት እስከ ሰባ ይደርሳል። ስለዚህ የአንዱን ኢንጄክተር መርፌ አውጥቶ ለሌላው ማልበስ የማይቻል ነው፤ ጥንድ ሆነው ተሠርተዋልና ጥንድ ሆነው ይኖራሉ።

ይህን ያህል የረቀቀ ዕቃ የሚያጠፋው ታላቅ ነገር አይደለም። በናፍጣ ውስጥ የገባ ውሃ ብረቱን ያዝገዋል፤ በማይታይ መጠን የገባ አቧራ መርፌዋን ይፍቃታል፤ የካርቦን ጥላሸት ቀዳዳውን ያጠበዋል፤ ሞላው በዘመን ብዛት ይደክማል። የተበላሸ ኢንጄክተር አንዳንዱ ይደፈንና ሲሊንደሩን ያስርባል፤ አንዳንዱ ግፊቱ ሳይሞላ አስቀድሞ ይከፈታል፤ አንዳንዱም ከረጨ በኋላ አፉን ሳይገጥም ይቀርና ያንጠባጥባል። ከሁሉ የከፋው ይኸኛው የሚያንጠባጥበው ነው። ጠብታዋ እንደ ጉም አትነድም፤ ዘግይታ በፒስቶኑ ራስ ላይ ትቃጠላለች። እንዲህ ሲውል ሲያድር ፒስቶኑን እስከ መብሳት ሊያደርሰው ይችላል። ያልነደደውም ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል። የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ሲታይ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ፥ ቀጥኖና ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ከተገኘ፥ ያ መኪና አንድ ቀን እንኳ ሊነዳ አይገባውም።

የበሽታው ምልክቶች እንግዲህ እነዚህ ናቸው ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ሞተሩ ጧት አልነሣም ይላል፤ ሳይረገጥ በሚኒሞ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፤ እንደ መዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ጉልበት ያንሰዋል፤ ናፍጣ ያበዛል፤ ይጤሳል። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች ሁሉ የሌላም በሽታ ምልክቶች መሆናቸው ነው። ራስ ምታት የያዘው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መድኃኒት እንደማይሰጠው ሁሉ፥ የሚጤስ መኪና ሁሉ ኢንጄክተር አይለወጥለትም።

ጢሱን ራሱን ብንወስድ ቀለሙ ብዙ ነገር ይናገራል። ጥቁር ጢስ ማለት ናፍጣው ለአየሩ በዝቶበታል ማለት ነው። የበዛው ናፍጣው ይሁን ወይስ ያነሰው አየሩ፥ ጢሱ ለይቶ አይነግረንም። ነጭ ጢስ፥ ናፍጣው ሳይነድ ተንኖ እየወጣ መሆኑን ያመለክታል፤ በብርድ ጧት ለጥቂት ጊዜ ቢታይ የሚያሳስብ አይደለም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ከቀጠለ፥ ወይ የማሞቂያ ካንዴላ፥ ወይ የእመቃ ማነስ፥ ወይ ኢንጄክተር፥ አለዚያም ከራዲያተሩ ወደ ሲሊንደር የሚሾልክ ውሃ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት መቃጠል ነው፤ ከኢንጄክተሩ ይልቅ በሌላ ቦታ ይፈለግ።

በዚህ ላይ የከተማችን ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፥ የአየሯ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። በጅቡቲ ጠረፍ በሚገባ የሚነድ የናፍጣ መጠን እዚህ ሲደርስ የሚበቃውን አየር አያገኝም። አየር የሚያጐርስ ቱርቦ የሌለው ሞተር፥ ፖምፓው ለደጋ ካልተስተካከለለት በቀር፥ ኢንጄክተሮቹ ደኅና ሆነው ሳለ በእንጦጦ ዳገት ላይ ጥቁር ጢስ ቢያወጣ የሚያስደንቅ አይደለም።

የእኛም መኪና ምስጢር የተገለጠው በአየር በኩል ነው። አዲሶቹ ኢንጄክተሮች ገብተው ጢሱ ባልቀረ ጊዜ፥ ሾፌሩ በግቢው ውስጥ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የአየር ፊልትሮውን አወጣው። ወደ መሬት ገልብጦ ሲያራግፈው የወረደው አቧራ አንድ ጣሳ ሳይሞላ አይቀርም። ፊልትሮውን ሳይመልስ ሞተሩን አስነሥቶ ለአንድ አፍታ ቢረግጠው፥ ያ ጥቁር ጢስ የለም። «ሦስት ሳምንት ሙሉ በፒስታ መንገድ ከካሚዮን ኋላ ኋላ ነበር የሄድነው፤» አለኝ። ታዲያ ይህን ለጋራዡ ለምን አልነገርህም ብለው፥ «ጌታው፥ እኔን የጠየቀኝ አለ?» ሲል መለሰልኝ። እውነትም የጠየቀው አልነበረም። ወረቀቱ ባለፈበት በአራቱ ጠረጴዛ ላይ የሾፌሩ ቃል አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌላ ጥያቄ አላስተኛኝ አለ። የወጡት ስድስት አሮጌ ኢንጄክተሮች በእርግጥ የተበላሹ ነበሩን? ደግነቱ የንብረት ክፍላችን ሰው ጠንቃቃ ስለ ነበረ፥ አሮጌዎቹን ከጋራዡ አስመልሶ በሞዴል 19 ገቢ አድርጓቸው በካርቶን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እነርሱን ይዤ ፖምፓና ኢንጄክተር ብቻ ወደሚመረምሩ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ዘንድ ሄድሁ።

ሽማግሌው ካርቶኑን ከፍተው አዩና፥ «ጌታው፥ እነዚህ ገና በመኪናው ላይ ሳሉ ነበር ምርመራው መጀመር የነበረበት፤» አሉኝ። ምርመራውንም አስረዱኝ። በአሮጌው ዓይነት ሞተር ላይ፥ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ወደ እያንዳንዱ ኢንጄክተር የሚሄደው ቧንቧ ዳዶ በየተራ ጥቂት ይላላል። በዚያን ጊዜ ናፍጣው ወደ ሲሊንደሩ መግባቱ ቀርቶ በውጭ ይፈስሳል። ደኅና ሲሊንደር ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይደክማል፤ ድምፁም ይለወጣል። ዳዶው ላልቶ ሞተሩ ምንም ካልተሰማው ግን፥ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም ሥራ አልነበረውም ማለት ነው። አንድ ሰነፍ ሠራተኛ ከቢሮ የቀረ ዕለት እንደሚታወቀው ያለ ነው ብለው ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ቢሆንም ነገሩ ትንሽ ነካኝ።

ሥራ የፈታው ሲሊንደር ከታወቀ በኋላም ጥፋቱ የኢንጄክተሩ ነው ተብሎ አይፈረድም። ኢንጄክተሩ ወጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ድካሙ ኢንጄክተሩን ተከትሎ ወደ አዲሱ ቦታ ከሄደ በሽተኛው እርሱ ነው፤ ድካሙ በቀድሞው ሲሊንደር ከቀረ ግን እመቃው፥ ቫልቩ ወይም ፖምፓው ይመርመር። ከዚህ የበለጠ ብልህ፥ ከዚህም ያነሰ ወጪ ያለው ምርመራ አለ ብዬ አላምንም። በዚሁ ጊዜ በኢንጄክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት በአዲስ መለወጥ አለባት፤ እርሷ ካልገጠመች የሲሊንደሩ ትኩስ ጋዝ እየሾለከ ጥላሸት ይሰበስባልና።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛቸው መሩኝ። በጠረጴዛው ላይ በእጅ የሚጨቆን ፖምፓና ባር የሚያመለክት የሰዓት መልክ ያለው መለኪያ ነበረ። ከሥሩ በመስተዋት የተከለለ ሳጥን አለ። ከስድስቱ አንዱን አጥበው አሰሩትና እጀታውን ሲጨቁኑት፥ ቀስቱ እየወጣ ሄዶ 146 ላይ ሲደርስ ኢንጄክተሩ እንደ በር ማጠፊያ ሲጥጥ ብሎ ረጨ። የወጣው ናፍጣ የቡና እንፋሎት የሚመስል ቀጥ ያለ ደቃቅ ጉም ነበር። «ድምፁን ሰሙት? መርፌዋ በፍጥነት እየተነሣች ስትቀመጥ ነው። ዝም ያለ ኢንጄክተር እጠረጥረዋለሁ፤» አሉ። ቀጥሎም ግፊቱን ከመከፈቻው በ20 ባር ያህል ዝቅ አድርገው ይዘው አሥር ሰከንድ ቈጠሩ። ከኖዝሉ ጫፍ ጠብታ አልወደቀም። «ይህ ደኅና ነው፤» ብለው ወደ ጎን አኖሩት።

በዚህ መካከል ረዳታቸው የሆነው ወጣት የርጭቱን አቅጣጫ ሊያሳየኝ እጁን ወደ ኖዝሉ ሲያቀርብ፥ ሽማግሌው እጀታውን ለቀው የልጁን እጅ በኃይል መቱት። «አንተ ልጅ! ስንት ጊዜ ልንገርህ!» ብለው ጮኹ። እኔ ቍጣው የበዛ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ምክንያቱን ስረዳ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቍስሉ ሲታይ የመርፌ ጫፍ የነካው ያህል ነው፤ ሕመሙም በመጀመሪያ ቀላል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ናፍጣው በውስጥ እየተሰራጨ ሥጋውን ይገድለዋል፤ በጊዜው በቀዶ ሕክምና ካልተጠረገ ጣት ወይም እጅ እስከ ማስቈረጥ ያደርሳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ሠራተኛ በፕላስተር ተሸፍኖ ወደ ሥራው የሚመለስ ሳይሆን፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል የሚወሰድ፥ ለሐኪሙም የገባበት ከፍተኛ ግፊት ያለው ናፍጣ መሆኑ የሚነገርለት ነው። ጋራዥ ያላችሁ መሥሪያ ቤቶች ይህን በግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ብትለጥፉ መልካም ይመስለኛል።

ምርመራው ቀጠለ። ሁለተኛው፥ ሦስተኛውና አራተኛው ከ140 በላይ ተከፍተው በሚገባ ረጩ። አምስተኛው ቀስቱ 118 ላይ ሲደርስ ተከፈተ፤ ጉሙም ወፍራም ነበር። ሽማግሌው ፈትተው ከሞላው ራስ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ቀለበት ጨመሩበትና መልሰው ቢሞክሩት 145 ላይ ሲጥጥ አለ። የቀለበቷን ዋጋ ብጠይቃቸው ለመናገር ሰነፉ። ስድስተኛው በጊዜው ተከፈተ፤ ሆኖም አሥር ሰከንድ ሳይቈጠር ከጫፉ ጠብታ ተንጠልጥላ ወደቀች፤ ሌላም ተከተለቻት። መርፌዋን አውጥተው በማጉያ መነጽር ሲያሳዩኝ አፏ ላይ የዝገት ነጥብ ይታያል። «ውሃ ነው። በበርሜል የተቀመጠ ናፍጣ ቀድታችኋል፤» አሉ። በመስክ በነበረበት ጊዜ ከበርሜል መቀዳቱን ሾፌሩ ኋላ አረጋገጠልኝ። ይህ አንዱ ኢንጄክተር በእርግጥ በሽተኛ ነበር፤ ለእርሱም የሚያስፈልገው ሙሉ ዕቃው ሳይሆን ጫፉ፥ ማለት ኖዝሉ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጋራዡ ፈጽሞ ዋሽቷል ለማለት አልችልም። ከስድስቱ ሁለቱ ሕመም ነበረባቸው። ሳይመረምር ስድስቱንም መኰነኑ ነው ስሕተቱ፤ ሳልጠይቅ መፈረሜ ደግሞ የእኔ።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ አሮጌው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን በካሚዮን ላይ፥ በ1997 ደግሞ በኢጣልያ በአልፋ ሮሜዎ አውቶሞቢል ላይ የወጣውና ዛሬ በአብዛኞቹ አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች የሚገኘው ኮመን ሬል የተባለው አሠራር ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዚህ አሠራር ፖምፓው ናፍጣውን ሁሉ ወደ አንድ የጋራ ቧንቧ አምቆ ያስቀምጠዋል፤ ኢንጄክተሮቹን የሚከፍታቸው ኮምፒዩተር የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በጋራው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 1,600 ባር፥ በአንዳንዶቹም ከ2,000 በላይ ይደርሳል። ስለዚህ ከዚህ በላይ የገለጽሁት ዳዶ የማላላት ምርመራ በአዲሱ ሞተር ላይ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሞተሩ እየሠራ ያንን ቧንቧ የሚነካ ሰው በገዛ እጁ ላይ ይፈርዳል።

ለአዲሱ ዓይነት ማለፊያ የሆነ ሌላ ምርመራ አለ። እያንዳንዱ ኢንጄክተር ከሚቀበለው ናፍጣ ጥቂቱን በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮ ይመልሳል። የመመለሻው ቱቦዎች ተነቅለው በየአንዳንዳቸው ላይ እኩል የሆኑ ጥርት ያሉ ጠርሙሶች ይገጠማሉ፤ ሞተሩም ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲሠራ ይደረጋል። አራቱ ጠርሙሶች እኩል ገደማ ከያዙ ደግ ነው፤ ሦስቱ ጣት ያህል ይዘው አራተኛው አፉ ድረስ ከሞላ፥ ያ ኢንጄክተር በውስጡ እየሾለከ የጋራውን ግፊት ይሰርቃል ማለት ነው። አንድ እንዲህ ያለ ሌባ ሲኖር ሞተሩ ጧት ቢገረፍ ቢገረፍ ላይነሣ ይችላል፤ ባትሪና ማስነሻ ሞተር በከንቱ የሚለወጠውም ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። በኮምፒዩተር መመርመሪያም ለየሲሊንደሩ የሚጨመረውና የሚቀነሰው የናፍጣ መጠን በቍጥር ይነበባል። ከእነዚህ ኢንጄክተሮች ብዙዎቹ የየራሳቸው መለያ ቍጥር በአናታቸው ላይ አላቸው፤ አዲስ ሲገባ ወይም ቦታ ሲለዋወጡ ቍጥሩ በመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ መጻፍ አለበት። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ «አዲሱም ኢንጄክተር ብልሹ ነው» የተባለበት ጊዜ አይጠፋም።

ስለ አጠባበቁ ብዙ አልናገርም። የነዳጅ ፊልትሮ በጊዜው ይለወጥ፤ በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ይፍሰስ፤ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ይጠለል፤ መኪናው ለብዙ ቀን የሚቆም ከሆነ ሰልባትዮው ጐድሎ አይደር፥ በሌሊቱ ቅዝቃዜ የአየሩ እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣልና። ናፍጣ ለመርፌዋ ነዳጅም ቅባትም ስለ ሆነ፥ ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍጣ ያደርቃታል።

የሆነ ሆኖ እናንተ የምትፈርሙት ሰዎች ወረቀቱ ሲቀርብላችሁ ከጋራዡ ልትጠይቁት የሚገባችሁ፥ የትኛው ሲሊንደር እንደ ታመመና በምን ምርመራ እንደ ታወቀ ነው። የአሮጌው ዓይነት ከሆነ እያንዳንዱ ኢንጄክተር በስንት ባር እንደ ተከፈተና ማንጠባጠብ አለማንጠባጠቡ ይጻፍ፤ የአዲሱ ከሆነ የመመለሻው መጠን ይጻፍ። የአየር ፊልትሮው መታየቱና የሾፌሩ ቃልም ከዚሁ ጋር ይመዝገብ። ጋራዡ «ይህን ሁሉ መጻፍ ልማዳችን አይደለም» ቢል፥ መሞከሪያው ጠረጴዛ በከተማው ውስጥ ሞልቷልና ኢንጄክተሮቹን ፈትቶ መላክ ነው። የስድስቱን ኢንጄክተሮች ምርመራ ለመጨረስ ለእኛ የፈጀብን ጊዜ ከቡና ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነበር።

ሽማግሌው የስድስቱን ውጤት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉልኝ። አራቱ ደኅና፤ አምስተኛው ተስተካክሏል፤ ስድስተኛው ኖዝል ይለወጥ። ኖዝሉን ገዝተን አስገጠምነው። ስድስቱም እንደ ገና ታጥበው፥ በዘይት በተነከረ ወረቀት ተጠቅልለው፥ ለሚቀጥለው መኪና እንዲያገለግሉ በመጋዘናችን መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። የሽማግሌውን ቁራጭ ወረቀት ደግሞ ወደ ፋይሉ ወስጄ «ይፈጸም» ብዬ ከፈረምሁበት ገጽ ጀርባ አያይዤዋለሁ።